ሲቢዲ በደም ሥር? ስለ «ጤና ድሪፕ» ማወቅ ያለባችሁ ነገር



ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ይህን ቪዲዮ ሳታዩት አትቀሩም፦ ምቹ ወንበር ላይ ጋደም ያለ ሰው፣ ክንዱ ላይ የተሰካ መርፌ፣ ከላይ የተንጠለጠለ ፈሳሽ፣ ከሥር ደግሞ «ጭንቀት ቻው፣ ሕመም ቻው፣ ድካም ቻው» የሚል ጽሑፍ። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ነው። አንዳንዴ ግን «ሲቢዲ» ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ካናቢዲዮል። ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው።

«ይሄ የአሜሪካ ሀብታሞች ጉዳይ ነው፤ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ላለ ሰው ምን ያደርግለታል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ ስልክ እስካለ ድረስ ማስታወቂያው ሞላሌም ራቤልም ይደርሳል። ሁለተኛ፣ «በደም ሥር የገባ ነገር ያበረታል» የሚለው እምነት እኛ ጋ ከቲክቶክ በፊት የነበረ ነው። ስሙ ግሉኮስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገርየውን ከሥሩ እናየዋለን። ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ

• ሲቢዲ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ግን ለጥቂትና ከባድ ለሆኑ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች፣ በአፍ የሚወሰድ፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ።
• በደም ሥር የሚሰጥ ሲቢዲ የአሜሪካም ሆነ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አላጸደቀም። ለ«ጤና ማጎልበቻ» ቀርቶ ለበሽታም።
• ሲቢዲ በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም። ቅባት በትክክል ሳይዘጋጅ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል።
• ቤታችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ቁልፉ ያለው ጤና ጣቢያ ባለው ርካሽ ኪኒን ላይ ነው። እሱን አቋርጦ ሲቢዲ መፈለግ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሲቢዲ ምንድን ነው?

ካናቢስ ውስጥ ከመቶ በላይ ካናቢኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሁለቱ በጣም ታዋቂ ናቸው። አንዱ ቲኤችሲ ነው፤ ሰውን የሚያሰክረው፣ የሚያፈዘው፣ ልብ የሚያስመታው እሱ ነው። ሌላው ሲቢዲ ነው፤ አያሰክርም። ሲቢዲን ከተክሉ ለይቶ ያወጣው በ1940 ሮጀር አዳምስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። ትክክለኛ ቅርጹን ደግሞ በ1963 የእስራኤሉ ሳይንቲስት ራፋኤል መሹላም ከባልደረባው ጋር አወቀው።

ካናቢስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለ «ላሊበላ» በሚባል ዋሻ ውስጥ (ከላስታው ላሊበላ ጋር አታምታቱት) በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ጋያዎች ነበሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የነበሩ መሆናቸው የተገመተ ሲሆን ውስጣቸው የቀረው ጥላሸት በላቦራቶሪ ሲመረመር የካናቢስ ምልክት ተገኝቶበታል። ጥናቱ የታተመው በ1975 ነው። እንግዲህ ማጨሱ የቆየ ነው። በደም ሥር መስጠቱ ግን የትናንት ወሬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስም ግራ መጋባት እናጥራ። በዜና ላይ ካናቢስ ሲያዝ «ዕፀ ፋሪስ» ሲባል ትሰማላችሁ። ደገኛው ግን «አጤ ፋሪስ» ወይም «አስተናግር» የሚለው ሌላ ተክል ነው፤ ጥሻና የቆሻሻ ቦታ ላይ የሚበቅል፣ ነጭ ጥሩንባ የመሰለ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው። እሱ መርዝ ነው። ያስቃዣል፣ ልብን ያዛባል፣ ይገድላል። ሲቢዲም የለበትም። «ያው ነው» ብሎ የሚቀምስ ጓደኛ ካላችሁ አስቁሙት።

በእውነት የሚያክመው ምንድን ነው?

ሰኔ 2018 ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ኤፒዲዮሌክስ የተባለ የሲቢዲ መድኃኒት አጸደቀ። በ2019 አውሮፓ ተከተለ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ሌኖክስ-ጋስቶ እና ድራቬ ለሚባሉ ሕፃንነት ላይ ለሚጀምሩ ከባድ የሚጥል በሽታዎች ነው። በ2020 ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የተባለ ሦስተኛ በሽታ ተጨመረ።

ውጤቱ እውነት ነው። በ2017 በታተመው ጥናት ድራቬ ያለባቸው 120 ሕፃናትና ወጣቶች ተሳትፈዋል። ሲቢዲ ከወሰዱት መካከለኛው ታማሚ በወር ከ12 ጊዜ በላይ ይጥለው የነበረው ወደ 6 ገደማ ወረደ። ማስመሰያ ፈሳሽ የተሰጣቸው ግን ከ15 ገደማ ወደ 14 ብቻ ነው የወረዱት። ለወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፦ ቀነሰ እንጂ ለአብዛኞቹ አልጠፋም። ደግሞም ከሌላ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ነው የተሰጠው።

መድኃኒቱ ምን ይመስላል? በጠርሙስ ያለ ቅባት ነው፤ ሲቢዲው የሚሟሟው በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነው። አዎ፣ ሰሊጥ። በመርፌ ሳይሆን በአፍ ይወሰዳል። መጠኑ በታማሚው ኪሎ ይሰላል፤ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ያድጋል። ጉበት በደም ምርመራ ይታያል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በተለይ ቫልፕሮኤት ከሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ተቅማጥና የምግብ ፍላጎት መቀነስም የታወቁ ናቸው።

ለጭንቀትስ? ትንንሽ ጥናቶች አሉ። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቃቸው 24 ሰዎች ላይ ተሠርቷል፤ ከንግግሩ በፊት በአፍ 600 ሚሊግራም የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀለል ብሏል። ደስ የሚል ጅምር ነው። 24 ሰው ግን 24 ሰው ነው። ለሕመም ማስታገሻስ? ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2021 ያሉትን ማስረጃዎች ከመረመረ በኋላ ካናቢኖይዶችን ለሕመም አልደግፍም ብሏል። «ቆዳ ያጠራል፣ ያቀጥናል፣ ዕድሜ ያረዝማል» የሚለውን ለማስታወቂያ ሠሪዎቹ እንተወው።

ታዲያ በደም ሥር ለምን አስፈለገ?

ሻጮቹ አንድ እውነተኛ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ሲቢዲ በአፍ ሲወሰድ፣ በተለይ በባዶ ሆድ፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የቀረው አንጀት ላይ ይቀራል ወይም ጉበት ይሰባብረዋል። «በደም ሥር ግን መቶ በመቶ ይደርሳል!» ይላሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም።

አንደኛ፣ የመድኃኒቱ መጠን ሲወሰን ያ ማነስ ታስቦበታል። ጥናቶቹ የተሠሩት በአፍ በሚወሰደው ነው፤ ደኅንነቱም የታወቀው በዚያ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ከቅባታማ ምግብ ጋር መውሰድ ብቻ ደም ውስጥ የሚገባውን እስከ አራት እጥፍ ያሳድገዋል። ሦስተኛ፣ «ብዙ ደረሰ» ማለት «የበለጠ ጠቀመ» ማለት አይደለም። ጨው ለወጥ ያስፈልጋል፤ ግን ጆንያውን አትገለብጡበትም።

በደም ሥር ሲቢዲ ተሰጥቶ አያውቅም ወይ? ተሰጥቷል፤ ለምርምር። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በጣት ለሚቆጠሩ ፈቃደኞች 20 ሚሊግራም በደም ሥር ሰጥተው ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለክተዋል። የፈለጉት መለካት ነው፤ ማከም አልነበረም። ከዚያ ተነስቶ «ክሊኒካችን ኑ» ለማለት መሃል ላይ የሚጎድለው ድልድይ ረጅም ነው።

ደም ሥር ውስጥ ምን ሊበላሽ ይችላል?

ውሃና ዘይት አንድ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና አማስሉት። ትንሽ ቆይቶ ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ደም በብዛት ውሃ ነው፤ ሲቢዲ ደግሞ ከዘይት ወገን ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሳንባችን ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀይ የደም ሕዋስ እንኳ ተጨናንቆ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ የሕዋሱ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ነው። የዘይት ጠብታ እዚያ ሲደርስ ሊዘጋው ይችላል። ያኔ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይጨንቃል፣ አንዳንዴም ሰው ይሞታል። ሆስፒታሎች መብላት ለማይችል ታማሚ በደም ሥር የሚሰጡት የቅባት ምግብ አለ፤ እውነት ነው። እሱ ግን ፋብሪካ ውስጥ ጠብታዎቹ በአማካይ ከግማሽ ማይክሮን በታች እንዲሆኑ ተደርጎ፣ ከጀርም ነጽቶ፣ እየተለካ የተሠራ ነው። «ናኖ» የሚል ቃል ጠርሙስ ላይ መለጠፍ ያን ሥራ አይተካም።

ሁለተኛው አደጋ ማሟሟያው ነው። ቅባትን ከውሃ ጋር ለማዋሃድ ኬሚካል ይጨመራል፤ ኬሚካሉ ራሱ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ30 ዓመት ሴት ለቆዳ ችግሯ የእርድ ንጥረ ነገር የሆነው ኩርኩሚን በደም ሥር ይሰጣት ጀመር። እርድ! ወጥ ውስጥ የምንጨምረው። ወዲያው ልቧ ቆመ፤ በኋላም ሕይወቷ አለፈ። ኤፍዲኤ ምርቱን ሲመረምር ኩርኩሚኑ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ማሟሟያው ደግሞ ለመድኃኒት የሚሆን ደረጃ ያልነበረውና ዲኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2020 አንድ የአሜሪካ ድርጅት ያለ ኤፍዲኤ ፈቃድ ይሸጣቸው የነበሩ በመርፌ የሚሰጡ የሲቢዲና የኩርኩሚን ምርቶችን ከገበያ ሰብስቧል።

«የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ደም ሥር በር ላይ ሲደርስ ዋጋ የለውም። ሆድ የሚያስታውከው፣ ጉበት የሚያጣራው ነገር አለ። ደም ሥር ግን በር ጠባቂ የለውም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሦስተኛው አደጋ መርፌው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ በ2010 ብቻ ንጽህናው ባልተጠበቀ መርፌ ምክንያት እስከ 1.7 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ እስከ 315,000 ሰዎች በሄፓታይተስ ሲ፣ እስከ 33,800 ሰዎች ደግሞ በኤችአይቪ ተይዘዋል። ለማያስፈልግ ነገር መርፌ መወጋት ማለት ለማያስፈልግ ነገር ይህን ዕጣ መጎተት ማለት ነው።

እኛ ጋ ስሙ ግሉኮስ ነው

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። መንዝ፣ ግሼ፣ መርሐቤቴ። ደጋው ብርድ ነው፣ ሥራው ከባድ ነው፣ ሰው ይደክማል። ወገቡ ተንቀጥቅጦ ጤና ጣቢያ የሄደ አባት ኪኒን ብቻ ተሰጥቶት ሲመለስ «ምን አደረጉልህ?» ይባላል። «ግሉኮስ ሰኩልኝ» ካለ ግን ጎረቤቱ ሁሉ «አሁን ታከምክ!» ይለዋል። ኪኒን የሐኪም ንቀት፣ መርፌ የሐኪም አክብሮት የሚመስለን ብዙዎች ነን። የሰፈር መርፌ ወጊ ዘመን ትቶልን የሄደው ልማድ ነው።

እስቲ እንቁጠረው። አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው። የሚሰጠው ጉልበት ከ170 እስከ 200 ካሎሪ ገደማ ነው። የቀረው ውሃ ነው። ይህን ያህል ጉልበት አንድ ብርጭቆ በሶ በጥብጦ የጠጣ ሰውም ያገኛል፤ ያውም ያለ መርፌ፣ ገብሱም የራሱ ማሳ ሆኖ። ታዲያ ሰዎች ለምን ተሻለን ይላሉ? ተኝተው ስላረፉ፣ ውሃ ጠምቷቸው ስለነበር፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ስለተንከባከባቸው፣ ደግሞም ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ። ይህ ስሜት ውሸት አይደለም። መድኃኒቱ ግን ፈሳሹ አልነበረም።

እንዳትሳሳቱ፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሕይወት አዳኝ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሲስት፣ በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈስ፣ በአተት ውሃው ያለቀ ሰው መጠጣት ሲያቅተው ግሉኮስና ሌሎች ፈሳሾች ነፍስ ይመልሳሉ። መጠጣት ለሚችል ሰው ግን ኦአርኤስ (ለምለም) ይበቃዋል። የሚወስነው የታማሚው ሁኔታ ነው፤ የታማሚው ምርጫ ወይም የከፋዩ ኪስ መሆን የለበትም።

«የጤና ድሪፕ» የሚባለው ይህንኑ የድሮ እምነት የከተማ ልብስ አልብሶ ነው የሚመልሰው። ግሉኮሱ ቫይታሚን ይሆናል፣ ቫይታሚኑ ሲቢዲ ይሆናል፣ ዋጋው ይወጣል። የሚሸጠው ነገር ግን ያው ነው፦ መርፌ ካልገባ አልታከምኩም የሚለው ስሜት።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው ድሪፕ ላይ እያለ አለርጂ ቢነሳበት በደቂቃዎች ውስጥ ትልቅ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። ከግሼ ወይም ከመንዝ ቀያ ገጠር ግን መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም ደብረ ብርሃን መድረስ ሌላ ጉዳይ ነው። መርሐቤቴም እናት ሆስፒታል ያለው ዓለም ከተማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጀማ ገደል አለ። ከባድ አለርጂ የሚጠብቃችሁ ለደቂቃዎች ነው፣ ለመንገድ አይደለም። አድሬናሊን በእጁ የሌለው፣ ትንፋሽ ማገዝ የማይችል ሰው ቤት ለቤት ፈሳሽ ሲሰካ እንደ ሕክምና አትቁጠሩት።

የሚጥል በሽታ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው

ሲቢዲ በእውነት የሚሠራበት ሕመም እኛ ጋ በብዙ ቤት ተደብቆ ያለ ሕመም ነው። በ1990 የታተመ ቡታጅራ አካባቢ የተሠራ የኢትዮጵያ ጥናት ከሺህ ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። በዓለም ደግሞ ወደ 50 ሚሊዮን ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ፤ በድሃ አገሮች ካሉት ግን ሦስት አራተኛው እጅ የሚገባውን ሕክምና አያገኝም።

መድኃኒቱ ውድ ሆኖ ነው? አይደለም። ፌኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ በዓመት 5 ዶላር አካባቢ ሊበቃው የሚችል መድኃኒት ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ በሽታው የአንጎል ሕመም መሆኑን ማመን፣ ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ መቅረቡ፣ ታማሚውም ተሻለኝ ብሎ አለማቆሙ። ጸበል የሚሄድ ሰው መሄዱን ይቀጥል፤ ኪኒኑን ግን አብሮ ይውሰድ። ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ነገር በደማቅ አስምሩበት፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። «ሲቢዲ ስለመጣልኝ ኪኒኑን ተውኩት» የሚል ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉት። ሁለቱን ደርቦ በራስ መውሰድም ጥሩ አይደለም፤ ሲቢዲ የሌሎች መድኃኒቶችን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ሲቢዲውን ያሳንሰዋል።

ሰው አጠገባችሁ ሲጥለው ይህን አድርጉ፦

• መጀመሪያ ከእሳት፣ ከውሃና ከስለት አርቁት። እኛ ጋ ምድጃው መሬት ላይ ስለሆነ ብዙ ታማሚ የሚጎዳው በእሳት ነው።
• ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ልብስ አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ።
• አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ።
• ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም። አድርገነው ያደግን ብዙ ነን፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።
• መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፣ እስኪነቃ አብራችሁት ቁዩ።
• ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ወዲያው ወደ ጤና ተቋም።

ሕጉስ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ሲቢዲ ከየት እንደሚወጣ አትርሱ፤ ከካናቢስ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ማምረትን፣ ማስገባትን፣ ማጓጓዝንና መሸጥን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ማንኛውም መድኃኒት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይመዘገብ ገበያ ላይ እንዳይውል ያዛል።

«ተመድ ካናቢስን ፈቅዷል» የሚል ወሬም ትሰሙ ይሆናል። የሆነው ይሄ ነው፦ ታኅሣሥ 2020 ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን ከ1961ዱ ስምምነት እጅግ ጥብቅ ከሆነው ዝርዝር አወጣው። ከቁጥጥር ግን አላወጣውም፤ ዋናው ዝርዝር ውስጥ እስካሁን አለ። ሲቢዲ የበዛባቸውን ዝግጅቶች ከቁጥጥር ነፃ የሚያደርገው ሐሳብም በዚያው ስብሰባ ወድቋል።

ከውጭ በሻንጣ የመጣ ጠብታና ከረሜላ

አሜሪካ ውስጥ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ቲኤችሲው በጣም አነስተኛ የሆነ ሄምፕ የሚባል ካናቢስ ማብቀል በፌደራል ሕግ ተፈቅዷል። ከዚያ በኋላ የሲቢዲ ጠብታ፣ ቅባትና ከረሜላ በየሱቁ ሞላ። ዘመድ ደግሞ ለእናቱ ጉልበት ሕመም ብሎ በቅንነት ይዞት ሊመጣ ይችላል። ሦስት ነገር ይታወቅ።

አንድ፣ አየር ማረፊያ ላይ «አሜሪካ ተፈቅዷል» የሚለው መልስ የኢትዮጵያን ሕግ አይለውጥም። ሁለት፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ ውስጡ የለም። በ2017 ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ገዝተው ከመረመሯቸው 84 የሲቢዲ ምርቶች መጠናቸው በትክክል የተጻፈው 26ቱ ብቻ ነበሩ፤ 18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ሦስት፣ የእንግሊዝ የምግብ ደረጃ ተቋም በ2023 ጤነኛ አዋቂ ሰው እንኳ በምግብ መልክ የሚወስደው ሲቢዲ በቀን ከ10 ሚሊግራም እንዳያልፍ መክሯል፤ ምክንያቱ ጉበትና ታይሮይድ ነው። እናም በአፍ የሚወሰድን ጠብታ በመርፌ ስቦ ወደ ሰውነት ማስገባት ፈጽሞ፣ ፈጽሞ አይደረግም።

መርፌ ከመሰካቱ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲቢዲም ይሁን ቫይታሚን ወይም ግሉኮስ፣ ለራሳችሁም ለእናት አባታችሁም እነዚህን ጠይቁ። መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም።

1. በሽታዬ ምን ተባለ? ስም ከሌለው ለምን እወጋለሁ?
2. ፈሳሹ ምን ይባላል? ጠርሙሱን ላየው እችላለሁ? የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል?
3. በአፍ የሚወሰድ አማራጭ አለው?
4. መርፌውና ቱቦው ፊቴ ከታሸገበት ተከፈተ?
5. የሚሰጠኝ ሰው የጤና ባለሙያ ነው? ቦታው ፈቃድ አለው?
6. አለርጂ ቢነሳብኝ አድሬናሊን እዚህ አለ?

አንዱም መልስ ካላረካችሁ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል። አጠራጣሪ መድኃኒት ወይም ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ባለሥልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ደውላችሁ መጠቆም ትችላላችሁ።

ቀድሞ የተሰጠው ሰው ካለ ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ተከታተሉ፦ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር ወይም የፊት ማበጥ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የተወጋበት ክንድ መቅላትና ማበጥ። ሳምንታት ቆይቶም ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ኮካ ኮላ ከመሰለ ጉበት ይመርመር። ጤና ተቋም ስትሄዱ የተወሰደውን ነገር ስም ተናገሩ፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ሕግ ይከሰኛል ብሎ መደበቅ ሕክምናውን ያሳስታል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ይህን ጽሑፍ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ላኩት። አባባ ስልክ ባይከፍቱም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው፤ በተለይ የበሶውን ስሌት። ቤታችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ወንድም ወይም እህት ካለ ደግሞ የዚህን ሳምንት ኪኒን መውሰዱን ዛሬውኑ ጠይቁት።